ሶሊሲተራችሁ የባንኩ ፓነል ላይ የለም ተባልን፣ ምን እናድርግ?

አዲስ_ገዢ

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ ምክር ስለምፈልግ በቀጥታ ልግባ። እኔና ባለቤቴ ክሮይደን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት አግኝተን 310 ሺህ ፓውንድ አቀረብን፣ ተቀበሉን። ከስንት ዓመት ኪራይ በኋላ ነው፣ ደስታችንን አትጠይቁኝ።

ሶሊሲተር የሚባለውን፣ የቤት ግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራውን ጠበቃ፣ ብዙም አላሰብንበትም። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ቤት ሲገዛ የሠራለት ሀበሻ ሶሊሲተር አለ፣ ሰሜን ለንደን። ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ብቻውን ነው የሚሠራው። ደወልንለት። ሁሉንም በአማርኛ አስረዳን፣ ልቤ እርፍ አለ። ለፋይል መክፈቻና ለሰርች (ስለ ቤቱ ከካውንስሉ መረጃ ለማጣራት) ብሎን 450 ፓውንድ ከፈልን።

ትናንት የባንክ ብድሩን የሚያፈላልግልን ብሮከራችን ደውሎ የሶሊሲተራችሁን ስም ስጡኝ፣ ለባንኩ ላስገባ አለ። ሰጠሁት። አስር ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደወለና «ይሄ ቢሮ እኮ የባንኩ ፓነል ላይ የለም» አለኝ። ፓነል ምንድን ነው? እኔ የማውቀው የሶላሩን ነው።

እሱ እንደሚለው ወይ ሶሊሲተር እንቀይራለን፣ ወይ ባንኩ ለራሱ ሌላ ጠበቃ ይይዝና ክፍያውን እኛው እንችላለን። 750 ፓውንድ፣ ከነቫቱ 900። ሶሊሲተራችንን ስጠይቀው ደግሞ «የተለመደ ነው፣ ሁለት ጠበቃ ሆነን እንጨርሰዋለን፣ አትጨነቂ» አለኝ። ባለቤቴ ሰውየውን መተው ይሉኝታ ይዞታል፣ የአክስቴ ልጅ ምን ይለኛል እያለ። እኔ ግራ ገባኝ። ሰውየው ፓነል ላይ የሌለው የሆነ ችግር ስላለበት ነው? 450 ፓውንዱስ ይመለሳል? በዚያ ላይ ከ31 ሺህ ዲፖዚታችን ውስጥ 12 ሺው የእቁብ ነው። አዲስ ሰው ጋ ሄጄ እቁብ ምን እንደሆነ ከሀ ጀምሬ ላስረዳ? ሳስበው ራሴን ያዞረኛል።

ሊድስ_ፋይል

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ሊድስ ውስጥ የቤት ግዢ የሚሠራ የሕግ ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፋይል ከሚገፉት ነኝ።

ፓነል ማለት ባንኩ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጣቸው የሕግ ቢሮዎች ዝርዝር ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በሞርጌጅ፣ በባንክ ብድር ማለት ነው፣ ቤት ስትገዢ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሶሊሲተር ነው ላንቺም ለባንኩም የሚሠራው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። ባንኩ የሚያበድርሽን ብር በእጅሽ አይሰጥሽም። ሶሊሲተሩ ለባንኩ «የቤቱን ወረቀት አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ብሩን ላኩ» የሚል ማረጋገጫ ይልካል፣ ከዚያ ብሩ ሶሊሲተሩ የደንበኞች አካውንት ውስጥ ይገባል። በእናንተ ሒሳብ 279 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው። ሰውየው ብሩን ይዞ ቢሰወር፣ ወይም ረስቶ የባንኩን መያዣ ላንድ ሬጂስትሪ የሚባለው የመንግሥት የቤት መዝገብ ላይ ሳያስመዘግብ ቢቀር፣ ባንኩ አጨብጭቦ ቀረ። ለዚህ ነው ማንንም የማይቀበሉት። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ደግሞ ባሰባቸው፣ ዝርዝራቸውን አበጠሩት። ኤችኤስቢሲ በ2012 መጀመሪያ ላይ ለመላው እንግሊዝና ዌልስ 43 ቢሮ ብቻ አስቀርቶ ነበር። እንደዚያ ያለው ጥብቅነት በኋላ ላልቷል።

ስለዚህ ያንቺ ሰው ችግር አለበት ማለት አይደለም። ብቻውን የሚሠራ መሆኑ ብቻ ለአንዳንድ ባንክ ይበቃል። አንዳንዱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሸሪክ ያለው ቢሮ ነው የሚፈልገው። ሌላው የሶሊሲተሮቹን ማኅበር የሎው ሶሳይቲን ሲኪውኤስ የሚባለውን የቤት ግዢ ጥራት ዕውቅና ካልያዝክ አይልህም። ሌላው ደግሞ በዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር ብዙ ሥራ አልሠራህም ብሎ ሳይነግረው ከዝርዝሩ ያወጣዋል፣ ሰውየው ራሱ የሚያውቀው እንዳንቺ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ነው። አንዱ ባንክ የማይቀበለውን ሌላው ይቀበላል። የአክስት ልጃችሁ ያኔ የተበደረው ከሌላ ባንክ ይሆናል።

እና ሶሊሲተር ጋ ስትደውዪ «ፓነል ላይ ነህ?» ካልሽው አዎ ይልሻል። አልዋሸም፣ የሆነ ባንክ ፓነል ላይ አለ። የባንኩን ስም ጠርተሽ ጠይቂ፣ በኢሜይል፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበዪ። የባንኩን ስም ስትጠሪም ከሞርጌጅ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው አድርገሽ ጥሪ፣ ምክንያቱም አንዳንድ አበዳሪ በብሮከር በኩል ሲመጣ በሌላ ስም ነው የሚሠራው። ብሮከርሽም በደቂቃ ሊያይልሽ ይችላል። አንድ ፔኒ ከመክፈል በፊት ማለቴ ነው።

450ው ላይ፦ ሰርቹን ካላዘዘ ያን ድርሻ ይመልስ። ካዘዘው ብሩ ሄዷል፣ ግን ውጤቱ የእናንተ ነው፣ ውሰዱት። አዲሱ ቢሮ ሊቀበለው ይችላል፣ ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን ስድስት ወር እንዳያልፈው ብቻ።

እኔ ብሆን እቀይራለሁ።

ቡና_በቶተንሃም

«ሁለት ጠበቃ ሆነን እንጨርሰዋለን» የሚለውን እኔም ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት።

የኔ ሶሊሲተር ጎበዝ ሰው ነበር፣ እውነት ለመናገር። ግን ፓነል ላይ አልነበረም። ባንኩ የራሱን ጠበቃ መደበ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የምገዛው ቤት ውስጥ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መሃል የነበረው ግድግዳ ፈርሷል። ሻጮቹ ካውንስሉ መርምሮ ያጸደቀበት ወረቀት የላቸውም። የኔው ሰው ኢንሹራንስ ገዝተን እንለፈው አለ። የባንኩ ጠበቃ ደግሞ አይሆንም፣ ግድግዳው ጣሪያ የሚሸከም መሆን አለመሆኑን ኢንጂነር ይመልከት አለች። እሷ ለኔ ሶሊሲተር ትጽፋለች፣ እሱ ለሻጩ ሶሊሲተር ይጽፋል፣ የሻጩ ሶሊሲተር ፈቃድ ላይ ነው። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንድ ግድግዳ፣ አምስት ሳምንት!

አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ ራሴ ደወልኩላት። ስሜን ከነገርኳት በኋላ «ይቅርታ፣ አንተ ደንበኛዬ አይደለህም፣ በሶሊሲተርህ በኩል ጻፍ» ብላ ዘጋችው። የምከፍላት እኔ ነኝ እኮ! ያን ሰሞን ኢሜይሌን በቀን አርባ ጊዜ ሳልከፍት አልቀርም። ሻጩ ቤቱን መልሼ ገበያ ላይ አወጣዋለሁ እያለ ያስፈራራል፣ የሞርጌጅ ኦፈሬ፣ ባንኩ ላበድርህ ያለበት ጊዜ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሚስቴ ካርቶን ውስጥ ያሸገችውን ድስት እያወጣች ወጥ ትሠራለች።

በመጨረሻ ገዛን። ቁልፉን ስቀበል ግን ደስታ አልነበረም፣ ድካም ብቻ።

ለባለቤትሽ፦ ወንድሜ፣ ይሉኝታ የሞርጌጅ ኦፈር አያራዝምም። የአክስትህ ልጅ ቢቀየም በፋሲካ ትታረቃላችሁ።

ሉተን_ልጅ

እኔ ሶላሩ ላይ ቀረሁ ሃሃሃ

ሹፌሩ_በርሚንግሃም

ፓነል ላይ ያለ ሁሉ ጎበዝ እንዳይመስላችሁ። ፓነል ላይ አለ ማለት ባንኩ አምኖታል ማለት ነው፣ ስልክሽን ያነሳል ማለት አይደለም።

የኔ ሪሞርጌጅ ነው። የተቆለፈው ወለድ ሊያልቅ ሲል ባንክ ቀየርኩ። አዲሱ ባንክ የጠበቃ ክፍያ ነጻ ነው አለኝ። ነጻ ሲባል ማን ይጠላል። የመደቡልኝ ቢሮ ከዚህ ሁለት መቶ ማይል ይርቃል፣ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፣ ሁሉም ነገር በዌብሳይት ነው። የደወልኩ ቀን ሁሉ ሌላ ሰው ያነሳል። ታሪኬን ከመጀመሪያ። ደግሞ ከመጀመሪያ።

ጥፋቱ ግን የኔም ነው። በዚያው የሚስቴን ስም ቤቱ ላይ ላስገባ ብዬ አሰብኩ። ለካ ነጻ የሚባለው ባንኩ የሚፈልገውን ሥራ ብቻ ነው። ስም ማስገባት ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ክፍያ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ነው የሚሄደው። አስራ አንድ ሳምንት ፈጀ። በዚህ መሃል የቆለፍኩት ወለድ አለቀና ሁለት ወር ሙሉ በባንኩ መደበኛ ወለድ ከፈልኩ። ልዩነቱን ስሌቱን ትቼዋለሁ፣ ያመኛል።

እና ሪሞርጌጅ ለምታስቡ፦ ወለዱን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነና ሌላ ምንም ጣጣ ከሌለው ነጻውን ውሰዱ፣ ይበቃችኋል። እዚያው ባንክ ሆናችሁ ወለድ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ማንም እንዳያስከፍላችሁ። ስም ማስገባት ወይም ማውጣት ካለበት፣ ወይ ሄልፕ ቱ ባይ የሚባለውን የመንግሥት ብድር የምትዘጉ ከሆነ፣ ወይ ፍላት ሆኖ የሊዙ ዓመት ያነሰ ከሆነ፣ ነጻውን ተዉትና ፓነል ላይ ያለ የራሳችሁን ሰው ያዙ። አንዳንድ ባንክ በነጻው ጠበቃ ፋንታ ካሽባክ የሚባል ብር ይሰጣል፣ ጠይቁ። ወለዱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሩ። እኔ ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው የጀመርኩት።

ሸፊልድ_እቱ

ስለ እቁቡ እኔ ልንገርሽ፣ አልፌበታለሁ።

የኔ ሶሊሲተር እንግሊዛዊት ናት። ስቴትመንቴ ላይ በየወሩ ለአንዲት ሴትዮ የሚሄድ 500 ፓውንድ አየች፣ ከዚያ አንድ ቀን ከተለያየ ሰው ስድስት ሺህ ገባልኝ። ወዲያው ስልክ። ይሄ ምንድን ነው? አትፍረጂባት፣ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ለማስመሰል የሚደረገውን ለመከላከል የወጣ ሕግ አለ፣ የብሩን ምንጭ ካልጠየቀች እሷ ናት የምትጠየቀው። ለዲፖዚት የሚሆነውን ብር ሁሉ ከየት መጣ ማለት ሥራዋ ነው።

ምን አደረግሁ? የእቁቡ ዳኛ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እቁቡ መቼ ተጀመረ፣ ስንት ሰው ነው፣ በወር ስንት ነው፣ የኔ ዕጣ መቼ ወጣ። ፈርሞ ፓስፖርቱን ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ። ከዚያ ስቴትመንቴ ላይ የከፈልኩትን ወር በወር በቢጫ ቀለም አቅልሜ ላክሁላት። «ኦ፣ ወለድ የሌለው ቁጠባ ነው እኮ» አለች። ጨረስን። በእጅ እየከፈልሽ ከነበረ ግን ከባድ ነው፣ እዚያ ላይ ዝም ብዬ ላጽናናሽ አልችልም።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር ስም ነው። አባቴ 5 ሺህ ስጦታ ሰጥቶኝ ነበር፣ እዚሁ ነው የሚኖረው። ሶሊሲተሯ «አባቴ ነው ትያለሽ፣ ስማችሁ ግን አይገናኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኔ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው፣ የሱ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የቅድመ አያቴ። እኛ ቤት የቤተሰብ ስም የሚባል እንደሌለ ለማስረዳት የልደት ሰርተፊኬት አስተርጉሜ ነው የተገላገልኩት። ከቤተሰብ ስጦታ ካላችሁ ይሄን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሊድስ_ፋይል

@ሸፊልድ_እቱ ስለ ስሙ ያልሽው ወርቅ ነው፣ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል።

እቁቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። @አዲስ_ገዢ ዕጣው መቼ ነው የወጣልሽ? መጀመሪያ አካባቢ ወጥቶልሽ ገና ብዙ ወር የምትከፍዪ ከሆነ፣ በባንክ ዓይን ያ ብር ቁጠባ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ሶሊሲተሩ ለባንኩም ስለሚሠራ ማሳወቅ አለበት። ብሮከርሽም ወርሃዊ ወጪሽ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። መጨረሻ አካባቢ ከሆነ ግን ያጠራቀምሽው የራስሽ ብር ነው።

ለባንኩም ይሠራል ስል የምሬን ነው። ሰው ሶሊሲተሩን እንደ ንስሐ አባት ያየዋል። ለምሳሌ ግዢው ሳያልቅ ባለቤትሽ ሥራ ቢለቅና ለሶሊሲተሩ በምስጢር ብትነግሪው፣ ለባንኩ ልንገር ብሎ ፈቃድሽን ይጠይቅሻል፣ እምቢ ካልሽው ከፋይሉ ይወጣል። ይሄን አውቀሽ ነው የምታወሪው።

አዲስ ስትፈልጊ ደግሞ፣ ፓነሉን ካረጋገጥሽ በኋላ፣ ፋይሌን የሚይዘው ሰው ማን ነው፣ ፈቃድ ሲወጣ ማን ይተካዋል ብለሽ ጠይቂ። ስንት ፍላት ሠርቷል? ፍላት ከቤት የተለየ ጣጣ አለው። ሊዙ ስንት ዓመት ቀረው፣ ለሕንጻው ጥገና የሚከፈለው ሰርቪስ ቻርጅ ስንት ነው፣ ሕንጻው ረጅም ከሆነ የግድግዳው ሽፋን ለእሳት የተመረመረበት ኢደብልዩኤስ1 የሚባለው ወረቀት አለ ወይ። ባንኮች ሶሊሲተሩ ምን ማየት እንዳለበት የሚያዙበት መመሪያ አላቸው፣ የባንኮቹ ማኅበር የዩኬ ፋይናንስ ዌብሳይት ላይ የየባንኩ ለብቻው ተጽፏል፣ ማንም ገብቶ ያነበዋል። ያንቺን ባንክ ፈልጊና ስለ ሊዝ የሚለውን ብቻ እዪ፣ አንዳንዱ የሚጠይቀው ዓመት ከሌላው ይበልጣል።

ሶሊሲተር የግድ አይደለም፣ ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር የሚባሉት፣ የቤት ግዢና ሽያጭ ሕግ ሥራ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎችም ይችላሉ፣ እነሱም ፓነል ላይ አሉ። ሶሊሲተሮች ከ2018 ታኅሣሥ ጀምሮ ለቤት ግዢ የሚያስከፍሉትን ዌብሳይታቸው ላይ እንዲያወጡ ተገደዋል፣ ስለዚህ ደውለሽ ከመለመንሽ በፊት እዪው። ቤቱን የሚሸጠው ኤጀንት የኛን ጠበቃ ውሰዱ ካላችሁ ኮሚሽን እንዳለው አስቡ። መጥፎ ነው አላልኩም፣ አስቡ ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማንም ባይጠይቅሽም። ባለቤትሽ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለው? ወይ አንቺ? ሳቅ አይደለም። ሁለታችሁም በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሯችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለው የቤት ግዢ ግብር እስከ 300 ሺህ ነጻ ነው፣ ለቀሪው 10 ሺህ 5 በመቶ፣ 500 ፓውንድ ትከፍላላችሁ። አንዳችሁ ድሮ ቤት ከነበራችሁ 5,500 ይሆናል። አሁንም በስማችሁ ያለ፣ ዋጋው ከ40 ሺህ ፓውንድ የማያንስ ቤት ካለ፣ በሙሉው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ይጨመርና 21 ሺህ ይገባል። «እዚያ ያለው እዚህ አይታይም» የሚል ሰው አትስሙ። ቅጹን የሚሞላው ሶሊሲተሩ ነው፣ የሚጠየቀው ግን ገዢው ነው።

ቡና_በቶተንሃም

ሌላም አለ። ሶሊሲተራችሁ በኢሜይል «የባንክ አካውንታችን ተቀይሯል፣ ዲፖዚቱን እዚህ ላኩ» ካላችሁ አትላኩ። ሌባ ኢሜይሉ ውስጥ ገብቶ ነው። መጀመሪያ ቀን በያዛችሁት ስልክ ደውላችሁ በድምፅ አረጋግጡ። የማውቃት ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ የባንኳ ሠራተኛ ናት ያስቆመቻት።

አዲስ_ገዢ

ወገኖቼ፣ አንድ ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም።

ቀየርን። አምስት ቢሮ የባንኩን ስም ጠርቼ በኢሜይል ጠየቅሁ። ሁለቱ መልስም አልሰጡ። አንዱ «ከሁሉም ዋና ዋና ባንኮች ጋር እንሠራለን» ብሎ ጻፈ፣ ደግሜ የባንኩን ስም ጠርቼ ስጠይቀው ዝም አለ። ሁለቱ አዎ አሉ፣ በጽሑፍ። ከሁለቱ ሳተን ያለችውን ወሰድን፣ ቀርባን ሳይሆን ፋይላችሁን የምይዘው እኔ ራሴ ነኝ ብላ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሊዙ ስለጠየቀችን። 94 ዓመት ይቀረዋል፣ ለባንካችን ይበቃል አለች። ብሮከሩም ስሟን አስገብቶ አረጋገጠ።

የቀድሞው ሶሊሲተር ጋ ባለቤቴ አልደውልም አለ። እኔ ደወልኩ። ሰውየው ምንም አልተቀየመም! «ባለፈው ዓመት ከዚያ ባንክ አንድ ፋይል ብቻ ነው የሠራሁት፣ ያወጡኝ ለዚያ ነው» አለኝ። የካውንስሉን ሰርች አዝዞ ስለነበር የሱን ቆርጦ 260 ፓውንድ መለሰልን። ሳተን ያለችው ሰርቹን ልየው ብላለች። የተቀየመው የአክስቱ ልጅ ነው፣ እስካሁን ስልክ አያነሳም።

@ሊድስ_ፋይል እቁቡ 24 ሰው ነው፣ በወር 500፣ የኔ ዕጣ በ22ኛው ወር ነው የወጣው፣ በባንክ ነው የምንከፍለው። ሁለት ወር ነው የሚቀረኝ፣ ለብሮከሩም ነገርኩት። የዳኛችን ደብዳቤ ተጽፏል፣ ቢጫ ማቅለሚያም ገዛሁ።

ኮንዶሚኒየሙ... ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. ነው 20/80 የተመዘገበው። ዕጣ በወጣ ቁጥር ሌሊት ተነስቶ ስሙን የሚፈልግ ሰው ነው፣ ባለመውጣቱ ስንት ዓመት አዝኗል። ያንተን መልስ ካነበብን በኋላ ቁጭ ብሎ 21 ሺህ ላይ 500 ቀነሰና ለእናቱ ደወለ፣ «እማዬ፣ እንኳንም አልወጣልኝ!» አላት። እሷ እስካሁን አልገባትም።